ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው አንድ ሲሆኑ፦ የብሪታንያ ኢነርጂ ሚኒስቴርና የፓይፐር አልፋ ጉዳይ

መነሻ

ፓይፐር አልፋ ከስኮትላንዷ አበርዲን ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰሜን ባሕር ላይ የቆመ የነዳጅና የጋዝ ማምረቻ መድረክ ነበር። ጁላይ 6 ቀን 1988 ምሽት በእሳት ወደመ፤ 167 ሰዎችም ሞቱ። የሥራ ደኅንነት ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ይህ አደጋ ይነሣል፤ ስለ ቫልቩ፣ ስለ ፓምፑና ስለ እሳቱ ብዙ ተጽፏል። መድረኩን የመቆጣጠር ሕጋዊ ኃላፊነት የነበረበት መሥሪያ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። ይህ ጥናት የሚያተኩረው በዚያ መሥሪያ ቤት፣ ከ1974 እስከ 1992 በኖረው የብሪታንያ ኢነርጂ ሚኒስቴር ላይ ነው። የተፈጥሮ ሀብትን እንዲያለማ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት በዚያው ልማት ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ደኅንነት እንዲቆጣጠርም ሲታዘዝ ምን እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ በግልጽ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

ነገሩ ከግለሰቦች ይልቅ የአደረጃጀት ስለሆነ የማንንም ስም አልጠቀስኩም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ሚኒስቴሩ የተቋቋመው በጃንዋሪ 1974፣ አገሪቱ በጭንቅ ላይ በነበረችበት ሰዓት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የአረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ማዕቀብ በመጣላቸው የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ አራት እጥፍ ገደማ አሻቅቦ ነበር። በአገር ውስጥ ደግሞ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ከመንግሥት ጋር በገቡት ውዝግብ ምክንያት ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲባል አብዛኞቹ ፋብሪካዎችና ድርጅቶች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ኃይል እንዲጠቀሙ ታዝዞ ነበር። ስለዚህ አዲሱ ሚኒስቴር ከሰሉን፣ ጋዙን፣ ኤሌክትሪኩን፣ የኑክሌር ኃይሉንና ነዳጁን አንድ ላይ ይዞ ሥራ ሲጀምር ከሁሉም በላይ የሚጠበቅበት አቅርቦት ነበር። ተስፋ የተጣለው ደግሞ ገና መልማት በጀመረው የሰሜን ባሕር ነዳጅ ላይ ነው። ተስፋው ከንቱ አልሆነም፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ከባሕሩ ነዳጅና ጋዝ በዓመት ከ10 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ግብር የሰበሰበበት ጊዜ ነበር።

ከሚኒስቴሩ የሥራ ክፍሎች አንዱ የፔትሮሊየም ምህንድስና ክፍል ነበር። ይህ ክፍል ኩባንያዎች የሚያቀርቡትን የልማት ዕቅድ ይመረምራል፣ ሀብቱ ሳይባክን መመረቱንም ይከታተላል፤ በባሕር ላይ ያሉትን ሠራተኞች ደኅንነት የሚቆጣጠሩት ባለሙያዎችም የሚሠሩት በዚሁ ክፍል ውስጥ ነበር። ነዳጁ ቶሎ እንዲወጣ የሚገፋውና ሥራው አደገኛ ሆኖ ሲያገኘው እንዲቆም ማዘዝ ያለበት ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ለአንድ ሚኒስትር ተጠሪ ሆነው ተቀመጡ ማለት ነው።

ይህ አደረጃጀት የኋላ ታሪክ አለው። በ1965 መጨረሻ ሲ ጄም የተባለው የቁፋሮ መድረክ እግሮቹ ተሰብረው በመስጠሙ 13 ሰዎች ሞተው ነበር። ያ አደጋ በ1971 የባሕር ላይ ተቋማትን የሚመለከት ሕግ እንዲወጣ ምክንያት ሆነ። የሕጉ ባሕርይ ዝርዝር ትእዛዝ ነበር፤ የነፍስ አድን ጀልባው ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ የእሳት ማጥፊያው የት እንደሚቀመጥ በየደንቡ ይደነግጋል፤ ተቆጣጣሪውም ዝርዝሩን ይዞ ሄዶ የተሟላውንና ያልተሟላውን ይመዘግባል።

በየብስ ላይ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ እየሄደ ነበር። በ1974 የወጣው የሥራ ጤናና ደኅንነት ሕግ አሠሪው ራሱ የሥራውን አደጋ አውቆ በተቻለ መጠን እንዲቀንስ ጠቅላላ ግዴታ ጣለበት፤ ይህን የሚያስፈጽም፣ ከማንኛውም የልማት ሚኒስቴር የተለየ የጤናና ደኅንነት ተቋምም አቋቋመ። ሕጉ በ1977 ወደ ባሕሩም እንዲዘልቅ ሲደረግ ተቋሙ ሥራውን በራሱ አልያዘውም፤ በውክልና ስምምነት ለኢነርጂ ሚኒስቴሩ መልሶ አስተላለፈው። በዚህ ምክንያት በየብስ ላይ ያለ የኬሚካል ፋብሪካ ከ1984 ጀምሮ ከባድ አደጋ ሊያደርስ የሚችለውን ነገር በሙሉ አጥንቶ የደኅንነት ሪፖርት እንዲያቀርብ ሲገደድ፣ ከፋብሪካው ይልቅ ብዙ ጋዝ በጠባብ ቦታ ይዞ ሠራተኞቹን በላዩ የሚያሳድረው የባሕር መድረክ ግን ይህ ግዴታ አልነበረበትም።

በ1980 የተደረገው ምርጫ

አደረጃጀቱ ችግር እንዳለበት ቀደም ብሎ ያየው ሰው አልነበረም ማለት አይቻልም። መንግሥት የባሕር ላይ ደኅንነትን እንዲያጠና ያቋቋመው ኮሚቴ በ1980 ሪፖርቱን ሲያቀርብ የቁጥጥሩ ሥራ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር መሆን እንዳለበት ተስማምቶ፣ ያ መሥሪያ ቤት ማን ይሁን በሚለው ላይ ግን ተከፈለ። አብዛኞቹ አባላት ስለ ነዳጅ የሚያውቁት ባለሙያዎች ያሉት በኢነርጂ ሚኒስቴሩ ስለሆነ እዚያው ይቆይ አሉ። ከሠራተኛ ማኅበራት የመጡት ሁለት አባላት የልዩነት ሐሳባቸውን በጽሑፍ አስመዝግበው ሥራው ለጤናና ደኅንነት ተቋሙ እንዲሰጥ ጠየቁ። መንግሥት የተቀበለው የአብዛኞቹን ሐሳብ ነው።

የአብዛኞቹ ክርክር ክብደት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ነዳጅ የሚያመርተውን መሣሪያ የማያውቅ ተቆጣጣሪ ሊታለል ይችላል፤ ዕውቀቱ ባለበት ቦታ ሥልጣኑንም ማስቀመጥ ለጊዜው ቀላል ነው። ግን ባለሙያ ሊዛወር ይችላል፤ በኋላ የሆነውም ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤት ዓላማ ግን እንደ ባለሙያ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አይዛወርም። አቅርቦትን ለማሳደግ የተቋቋመ ሚኒስቴር የሚመዘነው በምርቱ ነው፤ ሚኒስትሩ ፓርላማ ፊት ሲቆም የሚጠየቀው ስንት በርሜል እንደወጣ ነው፤ አደጋ ያልደረሰበትን ቀን የሚቆጥርለት የለም።

በዚያው ዓመት፣ በማርች 1980፣ አሌክሳንደር ኪየላንድ የተባለው መድረክ በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ክልል ተገልብጦ በላዩ ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። ኖርዌይ ከዚያ በኋላ የደኅንነቱን ኃላፊነት በኩባንያው ላይ አጥብቃ የምትጥልበትን ሥርዓት በ1985 በሕግ አጸናች። የኖርዌይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሀብቱንም ደኅንነቱንም በአንድነት ይይዝ እንደነበር መዘንጋት የለበትም፤ ሆኖም በደኅንነት ጉዳይ ተጠሪነቱ ለነዳጅ ሚኒስቴሩ ሳይሆን የሥራ ጉዳይን ለሚይዘው ሚኒስቴር ነበር። አንድን ባሕር የተካፈሉ ሁለት አገሮች በተመሳሳይ ጊዜ የተለያየ መንገድ መያዛቸው ይህን ጉዳይ ለማጥናት የተለየ ጥቅም ይሰጣል።

ችግሩ፦ ሳይታይ የተጠራቀመው አደጋ

የፓይፐር ነዳጅ በ1973 ተገኝቶ ምርቱ በ1976 መጨረሻ ተጀመረ። መድረኩ የተነደፈው ነዳጅ ለማምረት ነው፤ አደገኛዎቹ ክፍሎች ከመቆጣጠሪያ ክፍሉና ከሠራተኞቹ ማደሪያ እንዲርቁ ተደርገው ተደርድረው ነበር። ጋዙ በከንቱ ከመቃጠል ይልቅ ተሰብስቦ እንዲሸጥ የሚያስገድደው የመንግሥት ፖሊሲ ሲመጣ ግን የጋዝ መጭመቂያው ክፍል ተጨመረና ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ አጠገብ ተቀመጠ። በክፍሎቹ መካከል የነበሩት ግድግዳዎች የነዳጅ እሳትን እንዲከላከሉ እንጂ የጋዝ ፍንዳታን እንዲችሉ አልተሠሩም ነበር። ፖሊሲውን ያወጣው መንግሥት ሀብት እንዳይባክን መከልከሉ ትክክል ነበር፤ ይህ ለውጥ በመድረኩ ላይ የሚያስከትለውን አዲስ አደጋ ከሥር ጀምሮ እንዲጠና ያስገደደ አካል ግን አልነበረም።

ፓይፐር አልፋ ከዚህም ሌላ የመገናኛ ማዕከል ሆኖ ነበር። ታርታንና ክሌይሞር ከተባሉት ጎረቤት መድረኮችና ጋዙን ተቀብሎ ወደ የብስ ከሚያሳልፈው ጣቢያ ጋር በከፍተኛ ግፊት በሚሠሩ የጋዝ ቧንቧዎች ተያይዟል። ቧንቧዎቹ የሚይዙት ጋዝ እጅግ ብዙ በመሆኑ ግፊቱን ለማርገብ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ከአደጋው ሁለት ዓመት በፊት ለኩባንያው የቀረበ ጥናት ከእነዚህ ቧንቧዎች አንዱ ቢቀደድ የሚነሣውን እሳት ማጥፋት እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን ወደ ሥራ አልተለወጠም።

ያ ሌሊት

በመድረኩ ላይ ከጋዙ የሚለየውን ቀላል ፈሳሽ ነዳጅ ወደ ዋናው መስመር የሚገፉ ሁለት ፓምፖች ነበሩ። ጁላይ 6 ቀን የአንደኛው ፓምፕ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ለፍተሻ ተፈትቶ ነበር፤ ሥራው እስከ ምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ስላላለቀ በቫልቩ ቦታ የብረት ክዳን ብቻ ተደርጎ ለማግሥቱ ተላለፈ። ለቫልቩ አንድ የሥራ ፈቃድ ወረቀት፣ ማለትም አንድ የጥገና ሥራ እንዲሠራ የሚፈቅድ ቅጽ፣ ለፓምፑ ጥገና ደግሞ ሌላ ወረቀት ተጽፎ ነበር። ሁለቱ ወረቀቶች አልተያያዙም። የቫልቩ መፈታት ፈረቃ ሲቀያየር ለሌሊቱ ሠራተኞች አልተነገረም።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ገደማ ሁለተኛው ፓምፕ ቆመ፤ እንደገና ሊነሣም አልቻለም። ሁለቱም ፓምፖች ከቆሙ ኃይል ማመንጫው ጋዝ ያጣል፣ ምርቱም ይቋረጣል። የሌሊቱ ሠራተኞች ወረቀቶቹን ሲያገላብጡ የአንደኛውን ፓምፕ የጥገና ወረቀት አገኙ፤ ጥገናው ገና አለመጀመሩን ስላዩ ፓምፑን ማስነሣት እንደሚቻል ገመቱ። የቫልቩ ወረቀት በእጃቸው አልነበረም። ፓምፑ ሲነሣ ፈሳሹ በደንብ ባልጠበቀው ክዳን በኩል አፈተለከ፤ አራት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ፍንዳታ ተሰማ።

ፍንዳታው ብቻውን ቢሆን ኖሮ መድረኩን ባላወደመው ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ሆኖም የእሳት መከላከያ ግድግዳዎቹን ጣለ፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉን ከሥራ ውጭ አደረገ፣ በአጠገቡ ያለውን የነዳጅ መስመር አቀጣጠለ። ባሕር ውኃ ስበው እሳት የሚያጠፉት ፓምፖች በራሳቸው እንዳይነሡ ተደርገው ነበር፤ ጠላቂዎች ውኃ ውስጥ ሲሆኑ ፓምፖቹ እንዳይስቧቸው ተብሎ የተለመደ አሠራር ነው። ልማዱ ግን ጠላቂዎቹ ከፓምፑ አጠገብ ይሁኑ ወይም ይራቁ ሳይለይ የሚሠራበት ነበር፤ በ1983 በተደረገ ፍተሻም እንዲቀየር ተመክሮ ነበር። በዚያ ሌሊት በእጅ ሊያስነሣቸው የሄደ ሰው እሳቱን ማለፍ አልቻለም። የአገራችን ሰው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል፤ በፓይፐር አልፋ ባላዎቹ ሁሉ የተተከሉት አንድ እሳት በሚደርስባቸው ቦታ ነበር።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ከታርታን የሚመጣው የጋዝ ቧንቧ ተቀደደ። ከዚያ ወዲያ እሳቱን የሚቋቋም ነገር አልነበረም። ታርታንና ክሌይሞር እሳቱን ከሩቅ እያዩ ማምረታቸውንና መግፋታቸውን ለተወሰነ ጊዜ ቀጠሉ፤ በዚያ ያሉት ኃላፊዎች ምርት ለማቆም ከበላይ ትእዛዝ ይጠብቁ ነበርና። በፓይፐር ላይ አብዛኞቹ ሰዎች በሥልጠናቸው መሠረት በማደሪያው ሕንፃ ውስጥ ተሰብስበው ሄሊኮፕተር ጠበቁ። ሄሊኮፕተር በጭሱ ምክንያት ሊያርፍ አልቻለም፣ ወደ ነፍስ አድን ጀልባዎቹም መድረስ አልተቻለም፣ መድረኩን ለቅቃችሁ ውጡ የሚል ትእዛዝም አልተሰጠም። የአብዛኞቹ ሟቾች ሞት ምክንያት ቃጠሎ ሳይሆን ጭስ ነበር። በመድረኩ ላይ ከነበሩት 226 ሰዎች 61ዱ ተረፉ፤ ብዙዎቹ የተረፉት መመሪያውን ትተው በገመድ በመውረድ ወይም ከከፍታ ወደ ባሕሩ በመዝለል ነው። ሊያድኗቸው ከመጡት መካከልም ሁለት የጀልባ ሠራተኞች ሞቱ።

ምርመራው ስለ ሚኒስቴሩ ያገኘው

መንግሥት ምርመራውን ለአንድ ከፍተኛ የስኮትላንድ ዳኛ ሰጠ። ጉባኤው በጃንዋሪ 1989 ተጀምሮ 180 ቀናት ተቀመጠ፤ ሪፖርቱ በኖቬምበር 1990 ወጣ። የኩባንያውን አሠራር በጥብቅ ተችቷል፤ የሥራ ፈቃድ ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ጥሩ ሆኖ በተግባር በየዕለቱ ይጣስ እንደነበር፣ አመራሩም ይህን ለማወቅ በቂ ጥረት እንዳላደረገ አሳይቷል።

ለዚህ ጥናት ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን የሚከተለው ነው። በሴፕቴምበር 1987 በዚያው መድረክ ላይ አንድ ሠራተኛ ሞቶ ነበር። የዚያ ሞት ምክንያቶች ከሥራ ፈቃድ ወረቀትና ከፈረቃ ርክክብ ጉድለት ጋር የተያያዙ ነበሩ፤ ማለትም ከአሥር ወር በኋላ 167 ሰዎችን የገደለው ጉድለት ያን ጊዜም ነበረ። ኩባንያው ተከሶ ጥፋቱን በፍርድ ቤት አመነ። በጁን 1988 የሚኒስቴሩ ተቆጣጣሪ መድረኩን ጎበኘ፤ ከቀድሞው ሞት ትምህርት የተወሰደ መስሎ እንደታየው መዝግቦ ተመለሰ። ምርመራው ይህን ጉብኝት ከላይ ከላይ የተደረገና ደኅንነቱን ለመመዘን እምብዛም የማይጠቅም ሆኖ አገኘው።

ተቆጣጣሪውን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ትክክል አይመስለኝም። የተቆጣጣሪዎቹ ቁጥር ለዓመታት ከሚያስፈልገው በታች ነበር። አንድ ሰው በአጭር ጉብኝት ከ200 በላይ ሰዎች የሚሠሩበትን ውስብስብ ተቋም ሊመረምር የሚችለው ዝርዝር ይዞ የሚታየውን ዕቃ በመቁጠር ብቻ ነው። ጀልባው አለ፤ ማጥፊያው ተሰቅሏል፤ ወረቀቱ ተሞልቷል። ወረቀቱ በፈረቃ ቅያሬ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን ግን በዚህ ዓይነት ጉብኝት ማየት አይቻልም። ከዚህም የከፋው፣ ከተቆጣጣሪው በላይ ያሉት አለቆች ዝርዝር ትእዛዝን ማረጋገጥ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ከየብሱ ልምድ ማወቅ ሲችሉ አለማወቃቸው ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች የወሰደው ራሱ ሚኒስቴሩ ነው። በ1989 በወጣ ደንብ ወደ መድረክ የሚገቡ ቧንቧዎች በአደጋ ጊዜ የሚዘጉበት ቫልቭ ከእሳትና ከፍንዳታ በተጠበቀ ቦታ እንዲኖራቸው አስገደደ፤ በዚያው ዓመት ሠራተኞች የራሳቸውን የደኅንነት ተወካዮች እንዲመርጡ የሚፈቅድ ደንብም ወጣ።

የምርመራው ሪፖርት 106 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ፤ መንግሥት ሁሉንም ተቀበለ። ከሁሉም የሚበልጡት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው የቁጥጥሩን ሥራ ከኢነርጂ ሚኒስቴሩ አውጥቶ ለጤናና ደኅንነት ተቋሙ መስጠት ነው፤ በ1980 ሁለቱ የማኅበር ተወካዮች የጠየቁት በኤፕሪል 1991 ተፈጸመ። የሚኒስቴሩ የደኅንነት ባለሙያዎች ከነዕውቀታቸው ተዛወሩ፤ «ባለሙያው ያለው እዚህ ነው» የሚለው የቀድሞ ክርክር በዚህ ተመለሰ።

ሁለተኛው የማስረዳት ሸክሙን ማዞር ነው። በ1992 በወጣው ደንብ መሠረት መድረክ የሚያንቀሳቅስ ኩባንያ በመድረኩ ላይ ሊደርሱ የሚችሉትን ከባድ አደጋዎች ለይቶ፣ እያንዳንዱን እንዴት እንደሚቀንስ፣ ሠራተኞቹ እሳት ቢነሣ የት ተሸሽገው በምን መንገድ እንደሚወጡ የሚያስረዳ የደኅንነት ሰነድ ለተቆጣጣሪው አቅርቦ ማጸደቅ አለበት። ከ1995 መጨረሻ ጀምሮ የጸደቀ ሰነድ የሌለው መድረክ መሥራት አይችልም። ከዚህ በፊት ተቆጣጣሪው ጥፋት ፈልጎ ማግኘት ነበረበት፤ አሁን ኩባንያው ደኅንነቱን አስቀድሞ ማስረዳት አለበት።

ሚኒስቴሩ ራሱ በኤፕሪል 1992 ፈረሰ፤ ቀሪ ሥራው በአብዛኛው ወደ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሄደ። የፈረሰው በፓይፐር አልፋ ምክንያት አይደለም። ጋዙ በ1986፣ ኤሌክትሪኩ በ1990 እና በ1991 ወደ ግል ይዞታ ከተዛወሩ በኋላ ለብቻው የሚቆም ሚኒስቴር የሚያስፈልገው ሥራ ቀንሶ ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው ብዙ ነው። የቧንቧዎቹ ቫልቮች፣ ጭስና እሳት ለተወሰነ ጊዜ የሚቋቋመው መሸሸጊያ፣ ከአንድ በላይ የሆነው መውጫ መንገድ እያንዳንዳቸው በዚያ ሌሊት ለጠፋ ነገር የተሰጡ መልሶች ናቸው። የጋዝ ወይም የነዳጅ መፍሰስ ለተቆጣጣሪው እንዲመዘገብ በመደረጉ ፍንዳታ ከመድረሱ በፊት አካሄዱን ማየት ተቻለ። ከ1988 ወዲህ በብሪታንያ የሰሜን ባሕር ክልል በመድረክ ላይ እንዲህ ያለ እልቂት አልደረሰም።

ያልሠራውም መጠቀስ አለበት። የደኅንነት ሰነዱ አንዳንድ ጊዜ በውጭ አማካሪዎች የሚጻፍ፣ መድረኩ ላይ ያለው ሠራተኛ የማያነበው ወፍራም ጥራዝ ሆነ። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድና መድረኮቹ ሲያረጁ ጥገና ወደ ኋላ ቀረ፤ የጤናና ደኅንነት ተቋሙ ከ2004 እስከ 2007 ወደ 100 በሚጠጉ ተቋማት ላይ ባደረገው ፍተሻ ለደኅንነት ወሳኝ በሆኑ መሣሪያዎች ጥገና ላይ ሰፊ ጉድለት አግኝቷል። ቁጥጥሩን ወደ ነጻ ተቋም ማዛወር ብቻውን መድረክ አይጠግንም። ተጠያቂነትን በሚመለከትም በፓይፐር አልፋ ምክንያት በወንጀል የተከሰሰ ኩባንያም ሆነ ግለሰብ የለም፤ ለሟቾች ቤተሰቦች ይህ እስከ ዛሬ ያልተዘጋ ጉዳይ ነው፤ እነሱን የሚቃወም ክርክር ሊገኝ አይችልም ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ አገር የሚሻገረው ዋናው ነገር በአሜሪካ በተግባር ታይቷል። እዚያ የማዕድን አስተዳደር አገልግሎት የተባለው መሥሪያ ቤት ከ1982 ጀምሮ የባሕር ነዳጅ ቦታዎችን ያከራያል፣ የመንግሥትን ድርሻ ይሰበስባል፣ የደኅንነት ቁጥጥርንም ያካሂድ ነበር። የፓይፐር አልፋ ሪፖርት ከወጣ በኋላ ኩባንያዎች የደኅንነት አመራር ሥርዓት እንዲኖራቸው ቢታሰብም በበጎ ፈቃድ እንዲሆን ተተወ። በኤፕሪል 2010 ዲፕወተር ሆራይዘን ፈንድቶ 11 ሰዎች ሞቱ፤ ነዳጁም ለ87 ቀናት ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ፈሰሰ። በዚያው ዓመት ሥርዓቱ ግዴታ ሆነ፤ በ2011 ደግሞ አከራዩ፣ ሰብሳቢውና ተቆጣጣሪው በሦስት ተለያዩ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2013 ባወጣው መመሪያ የደኅንነት ተቆጣጣሪው ከኢኮኖሚ ልማት ሥራ ነጻ እንዲሆን ደነገገ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንዱ ትምህርት በሁለት ባሕሮች፣ በሁለት አደጋዎች መማር አስፈለገ ማለት ነው።

በእኛም አገር ተመሳሳይ አደረጃጀት ነበር። ቀድሞ የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የሚባለው መሥሪያ ቤት የማዕድን ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2009 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዶችን የመመርመር ሥልጣኑን ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ሲሰጥ ከተቀባዮቹ አንዱ ይኸው ሚኒስቴር ሆነ። ኢነርጂው በ2010 ወደ ውኃ ሚኒስቴር ሲዛወር የማዕድኑ ዘርፍ ለብቻው ቀረ። የብሪታንያው የ1970ዎቹ የውክልና ስምምነትና ይህኛው በይዘት ይመሳሰላሉ፤ ነጻ እንዲሆን የተቋቋመ ተቆጣጣሪ በባለሙያና በገንዘብ እጥረት ምክንያት ሥልጣኑን ቁጥጥር ለሚደረግበት ዘርፍ ባለቤት መልሶ ይሰጣል።

እጥረቱ እውነተኛ ነው፤ እያንዳንዱ ተቆጣጣሪ የጂኦሎጂና የኬሚካል ባለሙያ በአንድ ቀን ሊቀጥር አይችልም። ስለዚህ ውክልና የግድ በሚሆንበት ጊዜ ሦስት ነገሮች አብረው በሕጉ ውስጥ ቢጻፉ ይበጃል። የመጀመሪያው የተወከሉት ባለሙያዎች ዕድገትና ደመወዝ ምርትን በሚከታተለው አለቃ እጅ እንዳይሆን ነው። ሁለተኛው ፈቃድ የሚፈልገው ኩባንያ የአደጋውን ጥናት በራሱ ወጪ አቅርቦ እንዲያስረዳና ሥራው በተቀየረ ቁጥር ጥናቱን እንዲያድስ ነው፤ በፓይፐር አልፋ የጋዝ መጭመቂያው ሲጨመር መጠየቅ የነበረበት ይህ ነው። ሦስተኛው ውክልናው የሚያበቃበት ቀን እንዲቆረጥለትና በጥናቱ ጊዜ የተመዘገበ የልዩነት ሐሳብ ካለ በዚያ ቀን ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ እንዲነበብ ነው። በ1980 ሁለቱ አባላት የጻፉት ሐሳብ ከሪፖርቱ ጋር ታትሞ ነበር፤ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደገና እንዲታይ የሚያስገድድ ድንጋጌ ግን አልነበረም።